ወደ ጎረቤት ያጎነበሱት ሱፎች

እኔ አንድ ነገር ከያዘኝ በቀላሉ አይለቀኝም። ዛሬም በዚህ ዕድሜዬ ያው ነኝ፤ ልጅ ሳለሁ ግን ይብስብኝ ነበር። በአሥራ ሦስት ዓመቴ የያዘኝ ነገር ሱፍ ነው። ሌላው በዚያ ዕድሜው በጫማ፣ በፀጉር አሠራርና በዘፈን ያብዳል፤ እኔ ሚዛን ተፈሪ ላይ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ ባለው ሰፈራችን፣ በሱፍ አበድኩ። ሱፍን ያላነሳሁበት ጨዋታ አልነበረም። የክፍል ጓደኞቼ ከሩቅ ሲያዩኝ "መጣች ሱፏ!" እያሉ ይበተኑ ነበር።

ነገሩን ያመጣው የእናቴ ጨጓራ ነው። እናቴና አባቴ የጎጃም ሰዎች ናቸው። አባቴ አስተማሪ ሆኖ ወደዚህ ሲመደብ አብራው መጣች፤ እኔም እዚሁ ተወለድኩ። አገሩን ወዳዋለች። ማሩን፣ ሙዙን፣ ዓመቱን ሙሉ የማይደርቀውን ጓሮ እያነሳች ስታደንቅ አትጠግብም። የከበዳት ሁዳዴ ብቻ ነው። በሌላው ጊዜ ዝም ብሎ የሚኖር ጨጓራዋ፣ ጾሙ ገብቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዷን ቆይታ በርበሬ የበዛበት ሽሮ ስትቀምስ ይነሳባታል። የሚስማማት ሱፍ ብቻ ነበር።

ሱፍ ስል ሥራውን የማያውቅ ካለ ልንገረው፤ ለመንገር መቼም ሰበብ አልፈልግም። ፍሬው እሳት ሳይበዛበት ለስለስ ተደርጎ ይታመሳል። ሙቀጫ ውስጥ ይገባና ይወቀጣል። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ እየታሸ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል። ከጨርቁ ስር የሚወርደው ነገር ነጭ ነው፤ የማያውቅ ሰው ቢያየው ወተት ነው ብሎ ይምላል። ጨው፣ የተወቀጠ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ይገባበታል፤ ለሚችል ሰው ቃሪያም ይቀረደድበታል። እንጀራ ተቆራርሶ ይፈተፈትበትና ቀዝቀዝ እንዳለ ይበላል። እናቴ ዝንጅብሏን ብቻ ጨምራ፣ እንጀራውን አርሳ፣ እፎይ እያለች ትበላው ነበር። እኔና አባቴን ሲያስለን ደግሞ ሞቅ አድርጋ ማር ጨምራበት ታጠጣናለች፤ ጉሮሮ ላይ ሲወርድ የሚያሳክከውን ነገር ይዞት ይሄዳል።

ሱፉን የሚልክልን ከአገር ቤት የእናቴ ወንድም ነበር። በየዓመቱ ከቅበላ በፊት አንድ ከረጢት በሰው እጅ ይልካል። ከረጢቱ አዲስ አበባ ያድራል፣ ጅማ ያድራል፣ አንዳንዴ ቦንጋ ላይ ሳምንት ይቀመጣል፤ ብቻ ሳይደርስ ቀርቶ አያውቅም። አጎቴ ሲያርፍ ከረጢቱም ቀረ። የላኪውን ሐዘን ገና ሳንጨርስ ሁዳዴ ገባ፣ ቤታችንም ለመጀመሪያ ጊዜ ሱፍ የሌለበት ሁዳዴ አየ።

አባቴ ከገበያ ፈልጎ አንድ ጣሳ አመጣ። ያ ሱፍ ስንት ክረምት እንዳየ እግዜር ይወቀው፤ ሲወቀጥ የከረመ ዘይት ይሸታል። እናቴ አንዴ ጎርሳ ወደ ጓሮ ሮጠች። ከዚያ ወዲያ ሽሮ ብቻ ሆነ። ፊቷ እያደር ገረጣ፣ ቀሚሷ ሰፋት፤ ስታዋራኝ በአንድ እጇ ሆዷን ደግፋ ነበር። የደብረ ዘይት ዕለት እሑድ ቤተ ክርስቲያን አጠገቧ ቆሜ ሳለሁ፣ ቅዳሴው ሳያልቅ ነጠላዋ ከትከሻዋ ሲወርድ አየሁ። ላነሳላት እጄን ስዘረጋ እሷ ራሷ ወደቀች።

ጤና ጣቢያ ያያት ሰውዬ፣ ለስላሳ ነገር ትብላ፣ ወተት ትጠጣ አለ። የንስሐ አባቷም ቤት ድረስ መጥተው፣ "ልጄ፣ ይሄ እኮ መድኃኒት ነው፤ ጠጪ፣ በእኔ ይሁን" አሏት። እናቴ መስቀላቸውን ተሳለመች፣ እሺ አባቴ አለች፣ ሸኘቻቸው፤ ከዚያ የቀረበላትን ወተት አንስታ ለድመቷ ሰጠችው። "ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ፈትቼው አላውቅም" አለች። አባቴ ተቆጣ፣ ለመነ፣ ደግሞ ተቆጣ። እሷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ "ሱፍ ቢኖር እኮ ምንም አልሆንም ነበር" ብቻ ትላለች።

እንደምንም ለፋሲካ ደረሰች። ቢሆንም የሚቀጥለው ሁዳዴ ሲመጣ እናቴ እንደማታልፈው በልጅ ልቤ ወስኜ ጨርሼ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፤ እያደር ግን ወራቱን በጣቴ እቆጥራለሁ።

እንዲህ ሆኜ ክረምቱ አለፈ። ትምህርት ቤት ልመዘገብ ስሄድ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ዘበኛው ወንበሩን ወደ ኋላ አስደግፎ አንድ ነገር ይቆረጥማል። ገለባውን እንትፍ እያለ መሬቱን ሞልቶታል።

"ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚበሉት?" አልኩት።

"ሱፍ ነዋ።"

"ሱፍ? የት ተገኘ?"

በአገጩ ወደ ላይ አሳየኝ። ከአጥሩ በላይ ራሳቸውን ያሾለኩ ቢጫ አበቦች አሉ፤ ስፋታቸው ሰፌድ ያህላል። በዚያ በር ስንት ጊዜ አልፌያለሁ! አበባ ናቸው ብዬ እንጂ የሚበላ ነገር ይዘዋል ብዬ አስቤ አላውቅም። "ለውበት ነው ያስተከሉት" አለኝ ዘበኛው፤ "ውበቱ ሲያልቅ የእኔ ነው።" እኔ እዚያው መዝለል ጀመርኩ። ሰውዬው ደንግጦ ተነሳ። የእናቴን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት፤ ሳልጨርስ ከወንበሩ ስር አንድ የደረቀ የአበባ ራስ አውጥቶ፣ "በይ ያዢ፣ ብቻ ዝም በይልኝ" አለኝ።

ምዝገባውን ረስቼው ቤት ድረስ ሮጥኩ። እናቴ ራሱን ተቀብላ አገላበጠችው፤ አንድ ፍሬ በጥፍሯ ነቅላ አየችው፤ ጥቁር ሆኖ ነጭ መስመር አለው። የአጎቴ ሱፍ ቅጠሉ እሾህ፣ ፍሬው ትንሽና ነጭ ነበር። "ይሄ ሱፍ አይደለም" አለች፤ "አበባ ነው።" እኔ አንዱን ፈልፍዬ አፏ ውስጥ ከተትኩት። አኘከችው፣ ደግማ አኘከች። "እህ" አለች። ያቺ "እህ" ለእኔ በቂዬ ነበረች። አባቴ አንዱን ፈልፍሎ ቀመሰና፣ "እኔ ልጅ ሆኜ የፈረንጅ ሱፍ ሲሉት ሰምቻለሁ፤ ይዘራ" ብሎ ፈረደልኝ።

በመስከረም መጨረሻ፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ፣ በምሥራቁ አጥር ሥር ወደ ሥልሳ የሚሆን ጉድጓድ ቆፍሬ ዘራሁ። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ግቢ የጎረቤታችን ነው። ጎረቤታችን የአገሩ ተወላጅ፣ የቤንች ሴት ናት፤ ቡናዋ፣ ጎደሬዋ፣ እንሰቷ አንድ ላይ ተጠቃቅጠው ከእኛ ጓሮ ሦስት እጥፍ ያማሩ። ከእናቴ ጋር በአጥሩ ላይ ሰላም ይባባላሉ፣ ጨው ይበዳደራሉ፣ ችግኝ ይሰጣጣሉ። ግን እሷ ቤት የወንጌል አማኞች ናቸውና እንደ እኛ አይጾሙም፤ እናቴ በጾም ቀን ከእሷ ቤት ውሃ እንኳ አትቀምስም። "ሴትዮዋ መልካም ናት፤ ድስቷ ግን ጾም አይለይም" ትላለች። ጎረቤታችን ይህን ታውቃለች፤ በጾም ጊዜ የበሰለ ነገር አትልክልንም።

ሱፌ በቀለ። እንዴት ያለ አበቃቀል! የእኛ አገር መሬት መቼም ዱላ ቢተክሉበት ያበቅላል ይባላል፤ እኔ ግን ይህ ሁሉ በእኔ ብርታት የሆነ ነው የመሰለኝ። ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ቁመቱን በራሴ እለካለሁ፤ ጉልበቴ፣ ወገቤ፣ ትከሻዬ። በኅዳር አንዱ አለፈኝ፤ ያን ቀን አባቴን ከክፍል አስጠርቼው መጣ፣ ሰው የሞተ መስሎት ነበር። ጦጣና ወፍ እንዳይቀርበው ከተበላሸ ካሴት ውስጥ ክሩን አውጥተን ከአንዱ ግንድ ወደ ሌላው ወጠርነው። ነፋስ ሲመጣ ክሩ እየተንጫጫ ወፎቹን ያባርራል፤ እኛንም እንቅልፍ ይነሳናል።

አበባው ሲፈነዳ ሰፈሩ ሁሉ መጣ። ንቡ አልቀረ፣ መምህራኑ አልቀሩ፣ ከቴፒ ለእንግድነት የመጣች አንዲት ሴትዮ እንኳ አጠገቡ ቆማ ፎቶ ተነሳች። እኔ ደግሞ ለመጣው ሁሉ አስረዳለሁ። ትንሽ ሲቆይ ማስረዳቱ አልበቃኝ አለና ማከም ጀመርኩ። ቢጫውን ቅጠል ለቅሜ አፍልቼ ለሚያስለው አባቴ አጠጣሁት፤ እስከ መጨረሻው ጠጥቶ፣ "ሣር ነው፤ ግን ሞቃት ሣር ነው" አለኝ። ንብ የነደፈችኝ ጊዜ ቅጠሉን ጨፍልቄ አሰርኩበት፤ እጄ አበጠ፤ በማግስቱ ጎደለ። በእሱ ይሁን በራሱ ጊዜ ዛሬም አላውቅም፤ በዚያን ጊዜ ግን ለክፍሉ ሁሉ መድኃኒት አገኘሁ ብዬ አውጄያለሁ። ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ ይህን ሁሉ እያየች ትስቃለች። "አንቺ ልጅ፣ ላሜ ብትታመም እሱን ልትሰጪያት ነው?" ትለኛለች።

አንድ ነገር ብቻ አናደደኝ። መምህራችን ይህ አበባ ፀሐይን ይከተላል፣ ጠዋት ወደ ምሥራቅ ማታ ወደ ምዕራብ ይዞራል ብሎ አስተምሮናል። እውነት ነው፤ ለጋ ሳለ ይዞር ነበር። አንዴ ካበበና ራሱ ከከበደ በኋላ ግን ቆመ። ወደ ምሥራቅ ዞሮ ቀረ። ቅዳሜን ሙሉ በርጩማ አውጥቼ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት፤ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ አልፋ ስትጠልቅ የእኔ ሱፍ ጀርባውን ሰጥቶኛል። ምሥራቁ ደግሞ የጎረቤታችን ግቢ ነው! የቆፈርኩ እኔ፣ የኮተኮትኩ እኔ፣ ጦጣ ያባረርኩ እኔ፤ ፊቱን የሚያየው ግን የእሷ ቤት። ለእኛ የሚታየን አረንጓዴ ማጅራቱ ብቻ ነው።

ይባስ ብሎ ፍሬው እየያዘ ሲሄድ ከበደውና ጎነበሰ፤ አጥሩን የተጠጉት አሥራ አራቱ ራሳቸውን ወደ እሷ ግቢ ወርውረው ተንጠለጠሉ። በታኅሣሥ መጨረሻ ልንቆርጥ ስንዘጋጅ እናቴ መጥታ አየቻቸውና፣ "ወደ እሷ ያጎነበሱት የእሷ ናቸው" አለች።

"እማዬ! የዘራሁት እኮ እኔ ነኝ!"

"ጎረቤት ደጅ ድረስ ሄዶ ፍሬ አይለቀምም። ነውር ነው።"

እኔ ነውር የሚገባኝ ሰው አልነበርኩም። መሬት ላይ ተዘርፍጬ አለቀስኩ። ያውም ዝም ብዬ አይደለም፤ "ለአንቺ ጾም እኮ ነው! ባለፈው ዓመት ስትወድቂ ያየሁት እኔ ነኝ! አሥራ አራት ማለት ስንት ቀን ነው!" እያልኩ ነው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፌ ማውጣቴ ነው። እናቴ ደንግጣ አየችኝ። ጠጋ ብላ ፀጉሬን ዳበሰችው፤ ሐሳቧን ግን አልለወጠችም። ጎረቤታችንን በአጥሩ ጠርታ፣ "እነዚህን ውሰጂልን" አለቻት። ሴትዮዋም አመስግና፣ እኔን አንዴ አይታ፣ አንድ በአንድ ቆርጣ በቅርጫት ይዛቸው ገባች። ሳምንት ሙሉ አላናገርኳትም።

ቢሆንም አርባ ስድስቱ የእኛ ነበሩ። አባቴ የገበሬ ልጅነቱ ተነሳበት። ሱሪውን ሰብስቦ፣ የማስተማር ድምፁን አውጥቶ፣ "እህል ከታጨደ በኋላ ይከመራል፤ ክምር ውስጥ ሰንብቶ ሲረጋ ፍሬው ራሱ ይለቃል። አጭዶ ወዲያው የሚወቃ ሰው አይቼ አላውቅም" አለ። እናቴም በዚህ ተስማማች፤ አባቷ ቤት እንዲህ ነበር። ጓዳው ውስጥ ፊታቸውን ወደ ታች እያደረግን አንዱን በአንዱ ላይ ከመርን፤ ከላይ የኮባ ቅጠል አለበስነው፤ ድንጋይም ጫንንበት። እንዴት ያለ ያማረ ክምር ነበር! አባቴ ዞር እያለ ያየው ነበር። ከጥምቀት በኋላ እንወቃዋለን ተባለ።

ጎጃም ጥር ማለት መሬቱ የሚሰነጠቅበት ወር ነው። ሚዛን ደግሞ ጥርም ቢሆን ሲያሻው ይዘንባል። በከተራ ዕለት ጀመረና ሦስት ቀን አላባራም፤ ታቦቱን በዣንጥላና በጭቃ አጀብን። ጥምቀት አልፎ፣ ቃና ዘገሊላ አልፎ፣ እየሮጥኩ ጓዳ ገባሁና ኮባውን ገለጥኩ። ሞቅ ያለ አየር ፊቴን መታኝ። ክምሩ ከውስጥ ይሞቃል። አንዱን ራስ ሳነሳው እጄ ላይ ፈረሰ፤ ግራጫና አረንጓዴ ሻጋታ ለብሷል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። እስከ ታች ቆፈርኩት። አንድ ደህና የለም።

ስጮህ ሁለቱም መጡ። አባቴ አንድ ፍሬ አንስቶ ቀመሰና ተፋው፤ ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀምጦ እጁን እያየ ቀረ። "አገሩ ሌላ መሆኑን እኔ እንዴት ረሳሁ?" አለ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ እዚህ ኖሮ፣ እጁ ግን አሁንም የሚያውቀው የጎጃምን ጥር ነው። እናቴ የሻገተውን በእቅፏ እያወጣች ጓሮ መድፋት ጀመረች። እኔ ግንባሬን አጥሩ ላይ ደግፌ የቀረኝን ድምፅ ሁሉ አውጥቼ አለቀስኩ። ቅበላ ሊገባ የቀረው ሦስት ሳምንት ነበር።

ከአጥሩ ወዲያ፣ "ምንድን ነው?" የሚል ድምፅ መጣ። ጎረቤታችን በእኛ በር ዞራ መጣች፤ የምትደፋውን እናቴን አየች፣ አንዱን ራስ በእግሯ ገለበጠችው። "ለምን አልሰቀላችሁም?" አለች።

"ምን ላይ?" አለ አባቴ።

ሴትዮዋ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምታ አታውቅም መሰለኝ፣ ሦስታችንንም በየተራ አየችን። "እሳት ላይ" አለች። ከዚያ ተመልሳ ሄደች። ትንሽ ቆይታ ስትመጣ ቅርጫቱን ይዛለች። ውስጡ አሥራ ሁለት የሱፍ ራሶች አሉ፤ ደርቀው ጠንክረዋል፣ ጥላሸት ጠቆር አድርጓቸዋል፣ ፍሬያቸው ግን ጥርስ በጥርስ እንደተሰካ ነው። ከምድጃዋ በላይ በቆሎና ኮረሪማ የምታደርቅበት ቆጥ አለ፤ ያን ዕለት ከአጥሩ ቆርጣ እንደገባች እዚያ ሰቅላቸው ኖሯል። "ሁለቱን ልጆች በሉት" አለች። "ሌላውን ከለከልኩ።"

እኔ ልወስድ ስሮጥ እናቴ እጄን ያዘችኝ። ፊቷ ጭንቅ ላይ ነው። ምን እንደምትጠይቅ አውቄያለሁ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"እህቴ፣ አይክፋሽ" አለች እናቴ። "እዚያ ቆጥ ላይ ሥጋም ትሰቅያለሽ?"

"እሰቅላለሁ።"

እናቴ እጄን አልለቀቀችም።

"ዘንድሮ አልሰቀልኩም" አለች ሴትዮዋ። "ልጅሽ ስታለቅስ ሰማሁ። ለእናቴ ጾም ነው አለች። ስለዚህ ለገና የታረደውን ሥጋ ሌላ ቤት ወሰድኩ፤ ከዚያ ወዲህ እዚያ እሳት ላይ ቅቤ አልወጣም። ቅበላ ሲገባ ላመጣልሽ ነበር። እናንተ ብዙ ስላላችሁ ዝም አልኩ።"

እናቴ ቅርጫቱን በሁለት እጇ ተቀበለች፤ ጎንበስ ብላ የሴትዮዋን ትከሻ ሳመች። አንድ ሳምንት ያኮረፍኳት እኔ የት ልግባ? እጇን ይዤ፣ "እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ። "ለምኑ?" አለችኝ። ማኩረፌን አላስተዋለችውም ነበር።

የሁዳዴ የመጀመሪያ ቀን ሱፉን የሠራሁት እኔ ነኝ። ለማንም አልሰጥም ብዬ ነው። አንድ ጭብጥ ለካሁ፣ አመስኩ፣ ወቀጥኩ፣ በውሃ እያሸሁ በጨርቅ ጠለልኩ። ከጨርቁ ስር ነጩ ነገር ጠብ ሲል፣ ከዚያ ጥቁር ፍሬ፣ ከዚያ ጥላሸት ውስጥ ያ ንጣት ሲወጣ፣ ደስታዬ ከአቅሜ በላይ ሆነና ጨርቁን አባቴ ያዘልኝ። ዝንጅብል ጨመርኩበት፣ እንጀራውን ፈተፈትኩና አቀረብኩላት። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። እናቴ ጸልያ ጎረሰች። እኔ ጉሮሮዋን እያየሁ ነው።

"ጭስ ጭስ ይላል" አለች።

አባቴ መሬት መሬት አየ። እሷ ሁለተኛ ጎረሰች፣ ሦስተኛ ጎረሰች፣ የሳህኑን ዳር በጣቷ ጠርጋ፣ "ጨምሪልኝ" አለች።

እስከ መጨረሻው አላቋረጠችም። በየቀኑ አንድ ጭብጥ ነው፤ አንድ ፍሬ ከሙቀጫው ቢፈናጠር መሬት ላይ ተንበርክኬ እፈልገዋለሁ። ደብረ ዘይት ደረሰ። ቤተ ክርስቲያን አጠገቧ ቆምኩ፤ ቅዳሴውን ሰማሁ ብል ውሸት ነው። ዓይኔ ነጠላዋ ላይ ነበር። ባለፈው ዓመት የወደቀችበት ሰዓት መጣ፤ እጄን ዘርግቼ ጠበቅኩ። ነጠላዋ ትንሽ ሸርተት አለ። እሷ ራሷ አነሳችው። "ምን ሆነሻል አንቺ? ቀጥ ብለሽ ቁሚ" አለችኝ በሹክሹክታ። በሕይወቴ እንደዚያች ተግሣጽ የጣመኝ ነገር የለም። ቅዳሴው ሲያልቅ በሁለት እግሯ፣ ማንም ሳይደግፋት ወጣች፤ እኔ ከፊቷ እየዘለልኩ፣ ከኋላዋ እየዘለልኩ ቤት ደረስን።

በራችን ጋ ስንደርስ አልገባችም። አልፋ ሄዳ የጎረቤታችንን በር አንኳኳች። ጎረቤታችን ደንግጣ ወንበር ጠረገች። ቤቷ ውስጥ የተቀቀለ ጎደሬ ነበር፤ አወጣችው፣ ከአጠገቡ ማር አኖረች፣ ከዚያ ልትመልሰው ፈልጋ እጇ መሀል ላይ ቀረ። የእናቴን ነገር ታውቃለቻ። እኔም ልጇ ነኝና ጥያቄውን እየጠበቅኩ ነበር። እናቴ አንድ ጎደሬ አንስታ ልጣጩን ላጠች፣ ማር ነካ አደረገችና በላች።

"ድስቱን ሳትጠይቂ?" አለች ሴትዮዋ።

"አንቺ ታውቂያለሽ" አለች እናቴ፣ ሁለተኛውን እየላጠች።

ዛሬ ከተማው ሌላ ነው። ባጃጁ መንገዱን ሞልቶታል፣ ዩኒቨርሲቲም አለን፤ ሱፍ በየሱቁ ተፈልፍሎ በፕላስቲክ ይሸጣል። እገዛለሁ፤ ጭስ ጭስ ስለማይል ይጎድለኛል። ያኔ ግን መስከረም እንደገና ሲገባ ዘሩን ይዤ ወደ አጥሩ ስሄድ እናቴ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ፣ ዶማውን ይዛ ቀድማኝ ነበር። እኔ ካለፈው ዓመት ብልሃት ተምሬያለሁ ብዬ፣ ራሱ ወደ እኛ ግቢ እንዲወድቅ ከአጥሩ ሁለት እርምጃ ያህል አርቄ ቆፈርኩ። እናቴ መጥታ ጉድጓዴን በእግሯ ደፈነችው።

"ጠጋ አድርጊው ወደ አጥሩ" አለችኝ። "ካልተጠጋ እንዴት ተሻግሮ ያጎነብሳል?"